መቃብር ዘራፊዋና የተዘረፈችው አገር

ፊልሙን ያያችሁ ታስታውሱታላችሁ። ላራ ክሮፍት የዛፍ ሥር በተጫነው ጥንታዊ ፍርስራሽ መሀል ትሄዳለች። አንዲት ትንሽ የአካባቢው ልጅ ቆማ ታያታለች። ላራ የጃስሚን አበባ ልትቀጥፍ እጇን ስትዘረጋ መሬቱ ይከዳትና ወደ ታች ትወድቃለች። ከዚያ በኋላ ያለው የተለመደው ነው፤ የድንጋይ ሐውልቶች ነፍስ ይዘራሉ፣ ባለ ስድስት እጁ ጣዖት ይነሳል፣ ሽጉጥ ይንጣጣል፣ እሷም የመጣችበትን ዕቃ ይዛ ትወጣለች።

ይህ የ2001 ፊልም «ላራ ክሮፍት፦ ቶምብ ሬይደር» ይባላል። በአማርኛ «መቃብር ዘራፊዋ» ማለት ነው። (የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።) ያቺ የአበባ ትዕይንት የተቀረጸችው ካምቦዲያ ውስጥ፣ ታ ፕሮም በተባለ ቤተ መቅደስ፣ በ2000 መገባደጃ ላይ ነው።

አሁን ደግሞ ፊልም ያልሆነውን ልንገራችሁ። በ1998 መጨረሻና በ1999 መጀመሪያ ላይ፣ በሰሜን ምዕራብ ካምቦዲያ ባንቴይ ችማር በተባለ ሌላ ቤተ መቅደስ፣ መሣሪያ የታጠቁ ሰዎች የግድግዳ ቅርጾችን እየቆረጡ በጭነት መኪና ጫኑ። የታይላንድ ፖሊስ አንዱን መኪና ሲይዝ 117 የተቀረጹ ድንጋዮች አገኘበት። ድንጋዮቹ ወደ ካምቦዲያ የተመለሱት በ2000 ነው። ሁለቱን ቤተ መቅደሶች ያሠራቸው አንድ ንጉሥ ነው። እንግዲህ በአንድ ዓመት ውስጥ፣ በአንድ ንጉሥ ሥራ ላይ፣ የእውነት ዘረፋ ፍሬ ወደ አገሩ ሲገባና «ዘራፊዋ» የተባለች ጀግና ካሜራ አስከትላ ስትመጣ አገሪቱ አየች።

ይህን የማነሳው ፊልሙን ለመኮነን አይደለም። እንደ መዝናኛ ካያችሁት ያዝናናል። እኔን የገረመኝ ሌላ ነው፤ አንድን አገር ለመዝረፍ መጀመሪያ ባለቤት የሌለው አስመስሎ መተረክ ያስፈልጋል። የላራ ክሮፍት ታሪክ፣ ከጌሙ እስከ ፊልሙ፣ ይህን ተረክ ከዘመን ዘመን የተሸከመ ታሪክ ነው። እስቲ ከሥሩ እንየው።

ከደርቢ የወጣችው ልጅ

ላራ ክሮፍት የተወለደችው በእንግሊዝ አገር ደርቢ ከተማ፣ ኮር ዲዛይን የተባለ የጌም ኩባንያ ውስጥ ነው። ቶቢ ጋርድ የተባለው ወጣት ዲዛይነር መጀመሪያ ያሰበው ወንድ ጀግና ነበር። ግን ኢንዲያና ጆንስን በጣም ስለመሰለ ተተወና ሴት ተደረገ። የመጀመሪያዋ ሴት ላውራ ክሩዝ የምትባል ደቡብ አሜሪካዊት ነበረች። በኋላ ስሟም ዜግነቷም ተቀየረና ላራ ክሮፍት የተባለች እንግሊዛዊት ባላባት ሆነች።

እዚህች ላይ አንዴ ቆም በሉልኝ። የመጀመሪያው ጌም ጉዞውን የሚጀምረው ከፔሩ ነው። ደቡብ አሜሪካዊቷ ላውራ ፔሩ ገብታ የጥንት ዕቃ ብታነሳ አንድ ነገር ነው። ግዙፍ ቤት፣ የቤት አሽከርና ማዕረግ ያላት የእንግሊዝ ባላባት ገብታ ስታነሳው ግን ሌላ ነገር ነው። ይህኛው አዲስ ፈጠራ አይደለም፣ የቆየ ታሪክ ነው። በገሃዱ ዓለምም ወደ ሩቅ አገር ሄደው ዕቃ እየሰበሰቡ ወደ ሙዚየምና ወደ ሳሎናቸው ያጋዙት እንዲህ ያሉ ሰዎች ነበሩ።

ጌሙ በ1996 ኤይዶስ በተባለው አሳታሚ በኩል ወጣ፤ ዓለምንም አናወጠ። ተጫዋቹ ከፔሩ ወደ ግሪክ፣ ከግሪክ ወደ ግብፅ፣ ከዚያም ወደ አፈ ታሪካዊቷ አትላንቲስ ይሄዳል። በየዋሻው የሚገጥመው ተኩላ፣ ድብ፣ ዳይኖሰር ሳይቀር ነው። ሰው ግን እምብዛም የለም፤ ያሉትም ጠላቶቿ ናቸው። የፔሩ ገበሬ የለም። የግብፅ ቅርስ ጠባቂ የለም። «እመቤቴ፣ ይህ የአያቶቼ ነው፤ ወዴት ይዘሽው ነው?» የሚል አንድ ሰው የለም። የዚያን ጊዜው ማሽን ብዙ ሰው በስክሪን ላይ ማንቀሳቀስ የሚችል አልነበረምና ቴክኒካዊ ምክንያትም ይኖረዋል። ውጤቱ ግን ያው ነው። በባዶ ቤት ውስጥ ዕቃ ማንሳት ስርቆት አይመስልም።

ከዚያ ሆሊውድ መጣ። ፓራማውንት ፊልሙን ለዳይሬክተር ሳይመን ዌስት ሰጠው፤ መሪ ተዋናይቷ አንጀሊና ጆሊ ሆነች። አባቷ ጆን ቮይት በፊልሙም አባቷን ሆኖ ይተውናል፤ ገና ጄምስ ቦንድ ያልሆነው ዳንኤል ክሬግም አለበት። ከዚያ በፊት ከጌም የተወሰዱ ፊልሞች መልካም ስም አልነበራቸውም፤ የ1993ቱ «ሱፐር ማሪዮ ብራዘርስ» መሳቂያ ሆኖ ነበር። «ቶምብ ሬይደር»ንም ሃያሲያኑ አልወደዱትም። ተመልካቹ ግን ወደደው። ወደ 115 ሚሊዮን ዶላር ወጥቶበት በዓለም ዙሪያ ከ270 ሚሊዮን በላይ አስገባ።

ለምን ካምቦዲያ?

ከዚህ ፊልም በፊት አንግኮር ላይ የተቀረጸው ትልቅ የሆሊውድ ፊልም ፒተር ኦቱል የተወነበት «ሎርድ ጂም» ነው፤ ቀረጻው በ1964 ነበር። በመካከሉ 36 ዓመት አለፈ። ያ 36 ዓመት ምን ነበር?

በ1960ዎቹ ካምቦዲያ ፊልም የምትወድ አገር ነበረች። መሪዋ ኖሮዶም ሲሃኑክ ራሱ ፊልም ይሠራ ነበር፤ ያውም እየጻፈ፣ እያዘጋጀ፣ አንዳንዴም እየተወነ። በፕኖም ፔን የሲኒማ አዳራሾች ነበሩ። ከ1960 እስከ 1975 ባሉት ዓመታት አገሪቱ በመቶዎች የሚቆጠሩ የራሷን ፊልሞች ሠርታለች። ከዚያ የቬትናም ጦርነት ድንበር ተሻገረ፣ የአሜሪካ ቦምብ ወረደ፣ የእርስ በርስ ጦርነት ተነሳ። ሚያዝያ 17 ቀን 1975 ክሜር ሩዦች ፕኖም ፔን ገቡና ከተማዋን ባዶ አደረጓት። ጥር 7 ቀን 1979 እስኪወድቁ ድረስ ከሦስት ዓመት ከስምንት ወር በላይ ገዙ። በረሃብ፣ በሥራ ብዛት፣ በበሽታና በግድያ ከ1 ሚሊዮን ተኩል እስከ 2 ሚሊዮን የሚገመት ሕዝብ አለቀ። አብዛኞቹ ተዋንያንና ዳይሬክተሮችም አብረው አለቁ። ከእነዚያ ፊልሞች የተረፉት እጅግ ጥቂት ናቸው።

ከ1979 በኋላም ጦርነቱ አላበቃም። የፓሪሱ የሰላም ስምምነት በ1991 ተፈረመ፤ የተባበሩት መንግሥታት ጦር ገባ፤ በ1993 ምርጫ ተካሄደ። አንግኮር በ1992 በዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ በዚያው ዓመት «አደጋ ላይ ያሉ» ከሚባሉት ጋር ተመዘገበ። ፖል ፖት የሞተው በ1998 ነው። የፊልሙ ሰዎች ሲመጡ እንግዲህ አገሪቱ ከመቃብር ከወጣች ሁለት ዓመቷ ነበር። በየገጠሩ ፈንጂ ተቀብሯል፤ እግር የሌለው ሰው በየመንገዱ አለ።

ፊልሙ ይህን አንዱንም አያሳይም። ላራ ከነላንድሮቨሯ በፓራሹት ከሰማይ ትወርዳለች። ክፉዎቹ ያመጧቸው የአካባቢው ሰዎች ገመድ ይጎትታሉ፤ ሲፈሩ ይሮጣሉ። መነኮሳት ሻይ ያቀርባሉ፣ ይባርካሉ። በአንግኮር ዋት ፊት ለፊት ባለው ውኃ ላይ የምታዩት ተንሳፋፊ መንደር ለፊልሙ ተብሎ የተሠራ ነው። የቤተ መቅደሱ ውስጥ ፍልሚያ ደግሞ ከናካቴው ካምቦዲያ አይደለም፤ እንግሊዝ አገር በፓይንውድ ስቱዲዮ ነው።

መቃብር ያልሆነው መቃብር

ዛሬ ታ ፕሮምን አስጎብኚዎች «የቶምብ ሬይደር ቤተ መቅደስ» እያሉ ይጠሩታል። ቦታው ግን መቃብር አይደለም፤ ሆኖም አያውቅም። በ1186 ንጉሥ ጃያቫርማን 7ኛ ለእናቱ መታሰቢያ ያሠራው የቡድሂስት ገዳምና የትምህርት ቦታ ነው።

ይህን የምናውቀው እዚያው ከተገኘ የድንጋይ ጽሑፍ ነው። ጽሑፉ በሳንስክሪት እንደ ንብረት መዝገብ ይቆጥራል። በገዳሙ ውስጥ 12,640 ሰው ይኖር ነበር። ከነዚህ ውስጥ 18 ሊቃነ ካህናትና 615 ሴት ተወዛዋዦች ይገኛሉ። በ3,140 መንደሮች ያሉ 79,365 ሰዎች ለቦታው ያገለግሉ ነበር። ከ500 ኪሎ በላይ የሚመዝን የወርቅ ዕቃ፣ 35 አልማዝ፣ 40,620 ዕንቁ። ከሁሉ የገረመኝ ግን ሌላ መስመር ነው፤ ያው ጽሑፍ በመላ አገሪቱ 102 ሆስፒታሎች እንደነበሩ ይናገራል። በ12ኛው ክፍለ ዘመን!

ታዲያ ይህን የመሰለ ሰው የሞላበት ከተማ «ጫካ የዋጠው ባለቤት አልባ ፍርስራሽ» የሆነው እንዴት ነው? ነገሥታቱ በ15ኛው ክፍለ ዘመን መናገሻቸውን ወደ ደቡብ አዘዋወሩ፤ ብዙው ቤተ መቅደስ ተተወ፤ ይህ እውነት ነው። አንግኮር ዋት ግን ከመነኩሴና ከተሳላሚ ተለይቶ አያውቅም። በ1632 አንድ ጃፓናዊ ተሳላሚ ስሙንና ጸሎቱን በአንግኮር ዋት ምሰሶ ላይ ጽፎ ሄዷል። የፖርቱጋል ሰዎችም በ16ኛው ክፍለ ዘመን አይተውታል። ፈረንሳያዊው ተፈጥሮ ተመራማሪ ሄንሪ ሙኦ የደረሰው በ1860 ነው፤ በዓመቱ ላኦስ ውስጥ በንዳድ ሞተ። የጉዞ ማስታወሻው በ1863 ሲታተም አውሮፓ «የጠፋችው ከተማ ተገኘች» ብላ ጮኸች። በዚያው በ1863 ፈረንሳይ ካምቦዲያን በጥበቃዋ ሥር አደረገች። መቼም አጋጣሚ ነው በሉ፤ ግን «ጠፍቶ ያገኘሁት» የሚለው ቃል ለሚወስድ ሰው እንዴት እንደሚመች ልብ በሉ።

አሁን ወደ ዛፎቹ። በፊልሙ ላይ ልብ የሚሰርቁት፣ ግድግዳውን እንደ ዘንዶ ጠምጥመው የያዙት ሥሮች የዋርካ ዘመድ የሆኑና ሌሎች ግዙፍ ዛፎች ናቸው። ሌሎቹን ቤተ መቅደሶች የፈረንሳይ አጥኚዎች ጫካውን መንጥረው ሲጠግኑ ታ ፕሮምን ሆን ብለው እንዳለ ተዉት። የመጀመሪያዎቹ ተጓዦች ምን እንዳዩ ጎብኚው እንዲቀምስ ብለው ነው። እርግጥ እንዳይፈርስ ደግፈውታል፤ መንገድም ከፍተውለታል። ይህ ማለት ያ «ሰው ያልነካው» መልክ ራሱ የሰው ውሳኔ ነው። ሆሊውድ ከመምጣቱ ከብዙ ዓመታት በፊት ቦታው ለአውሮፓውያን ዓይን መድረክ ተደርጎ ነበር። ጌም ሠሪዎቹም ፊልም ሠሪዎቹም የወረሱት ይህን ዓይን ነው።

እውነተኞቹ ዘራፊዎች

በ1923 መጨረሻ አንድሬ ማልሮ የተባለ የ22 ዓመት ፈረንሳዊ ከሚስቱና ከጓደኛው ጋር ባንቴይ ስሬይ ወደተባለው ውብ ቤተ መቅደስ ሄደ። ቅርጾቹን በመጋዝና በመሮ አስነስቶ በጋሪ ጫነ። ፕኖም ፔን ላይ ተያዘ። በ1924 ሦስት ዓመት ተፈረደበት፤ በይግባኝ ቅጣቱ ቀለለና በገደብ ተለቀቀ። በ1930 ያንን ገጠመኙን የጀብዱ ልቦለድ አደረገው። በ1959 ደግሞ ምን ሆነ? የፈረንሳይ የባህል ሚኒስትር! ላራ ክሮፍት በዚህ ሰው ፊት ጀማሪ ናት።

ከማልሮ በኋላ ጦርነቱ ለዘራፊ በር ከፈተ። ኮህ ኬር በተባለው የጥንት መናገሻ ሐውልቶቹ ከቁርጭምጭሚታቸው እየተቆረጡ ተወሰዱ። እግሮቹ ግን ከመቆሚያው ድንጋይ ጋር ተጣብቀው ቀሩ። ሐውልቱ ኒው ዮርክ፣ እግሩ ካምቦዲያ! ከዚያ ሁሉ ዓመት በኋላ ማስረጃ የሆኑት እነዚያ እግሮች ናቸው። የኒው ዮርኩ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም ከዚያው ቦታ የወጡ ሁለት የተንበረከኩ ሐውልቶችን በ2013 መለሰ። በሶዝቢስ ለጨረታ የቀረበውና ከክርክር በኋላ የተለቀቀው ተዋጊ ሐውልትም በ2014 አገሩ ገባ።

በዚህ ንግድ ስሙ በተደጋጋሚ የተነሳው ዳግላስ ላችፎርድ የተባለ ባንኮክ የኖረ እንግሊዛዊ ሰብሳቢ ነው። ስለ ክሜር ጥበብ ዳጎስ ያሉ መጻሕፍት አሳትሟል፤ ለካምቦዲያ ሙዚየም ዕቃ ሰጥቶ ከመንግሥት ክብር ተቀብሏል። በ2019 የአሜሪካ ዓቃብያነ ሕግ የተዘረፉ ቅርሶችን በሐሰት ሰነድ በመሸጥ ከሰሱት። ፍርድ ሳያይ በ2020 ሞተ። ልጁ ስብስቡን ለካምቦዲያ ለመመለስ ተስማማች። በ2023 መጨረሻ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም ከእሱ ጋር የተያያዙ 14 ቅርሶችን ለካምቦዲያ እንደሚመልስ አስታወቀ። ዘራፊው ሽጉጥ ታጥቆ ዋሻ ለዋሻ የሚዘል ሰው ብቻ አይደለም። ከረባት አስሮ መጽሐፍ የሚያሳትምም አለ።

እኛ ኢትዮጵያውያን ይህን ታሪክ ለማወቅ ካምቦዲያ ድረስ መሄድ አያስፈልገንም። በ1868 ወደ መቅደላ የዘመተው የእንግሊዝ ጦር ሪቻርድ ሆምስ የተባለ የብሪቲሽ ሙዚየም ባለሙያ ይዞ ነበር የመጣው። ወታደርና ቅርስ ሰብሳቢ በአንድ ሰልፍ! ዕቃው በ15 ዝሆንና በ200 ገደማ በቅሎ ተጭኖ ወርዶ ደላንታ ሜዳ ላይ በጨረታ ተሸጠ። ታቦቶቻችን ዛሬም ለንደን ናቸው። እኔ ላራ ክሮፍትን ያንን ሳላስብ ማየት የማልችለው ለዚህ ነው።

ፊልሙ የተወው ነገር

ይህን ሁሉ ካልኩ በኋላ ሌላውን ወገን ካልተናገርኩ ግን ፍትሐዊ አልሆንም።

ካምቦዲያውያን ፊልሙን አልጠሉትም። በ1993 ወደ አገሪቱ የገባው ጎብኚ ከ120 ሺህ ያነሰ ነበር፤ በ2019 ከ6 ሚሊዮን ተኩል በላይ ደረሰ። ይህ ሁሉ በአንድ ፊልም ምክንያት ነው ማለት ሞኝነት ነው፤ ሰላም የመጣው በፊልም አይደለም። ነገር ግን ፊልሙ ከሠራተኛው ጋር ሲየም ሪያፕ ላይ ገንዘብ ይዞ ሲመጣ አገሪቱ ከጦርነትና ከፈንጂ ሌላ ስም ያገኘችበት ጊዜ ነበር። ለተራበ ሰው «ምስልህን በትክክል አላሳዩህም» ብሎ መከራከር ቅንጦት ሊሆን ይችላል።

ጆሊም እንደመጣች አልተመለሰችም። ካምቦዲያ ያየችው የስደተኞችና የፈንጂ ጉዳይ ወደ ተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ኮሚሽን እንደወሰዳት ራሷ ደጋግማ ተናግራለች፤ በነሐሴ 2001 የኮሚሽኑ የበጎ ፈቃድ አምባሳደር ሆነች። ከካምቦዲያ ልጅ አሳደገች፤ በ2005 ንጉሥ ሲሃሞኒ ዜግነት ሰጣት። በዚያው በ2005 ከእኛም አገር ልጅ ወስዳ እናት ሆናለች፤ በ«ድፍረት» ፊልማችንም ላይ ስሟ ከአዘጋጆቹ መካከል አለ። ይህን በጎ የሚለውም የሚያማውም አለ፤ እሱን ለእናንተ ልተወው።

እኔ የምይዘው አንድ ነገር ነው። በየካቲት 2017፣ ላራ ክሮፍት በሮጠችበት በአንግኮር፣ በዝሆኖች ሰገነት አጠገብ፣ በንጉሡ ፊት አንድ ፊልም ተመረቀ። «መጀመሪያ አባቴን ገደሉት» ይባላል። የክሜር ሩዥን ዘመን በልጅነቷ ያሳለፈችው የሉንግ ኡንግ የሕይወት ታሪክ ነው። ዳይሬክተሯ ጆሊ ናት። ቋንቋው ግን ክሜር ነው፤ ተዋንያኑ ካምቦዲያውያን ናቸው፤ ከፕሮዲውሰሮቹ አንዱ ከዚያ ዘመን የተረፈው ካምቦዲያዊው ዳይሬክተር ሪቲ ፓን ነው። ታሪኩ የሚታየውም በአንዲት ትንሽ ልጅ ዓይን ነው።

ያቺን የመጀመሪያዋን ትንሽ ልጅ አስታወሳችኋት? በ2001ዱ ፊልም ቆማ የምታየዋን? እዚያ ላራ ናት የምትሮጠው፤ ልጅቷ መልክ ለማሳመር ቆማለች። በ2017ቱ ካሜራው ዞሮ ልጅቷን ይከተላል። በሁለቱ ፊልሞች መካከል ያለው 16 ዓመት ለእኔ ከማንኛውም የላራ ክሮፍት ጀብዱ ይበልጥብኛል።

በነገራችን ላይ፣ በ2003 የወጣው የ«ቶምብ ሬይደር» ሁለተኛ ክፍል መጨረሻው አፍሪካ ውስጥ ነው። ላራ የፓንዶራን ሣጥን ታገኛለች፤ መውሰድ ትችላለች፤ አትወስደውም። ወደ ቦታው ትመልሰዋለች። ፊልሙ ከመጀመሪያው ያነሰ ገንዘብ ነው ያስገባው። ዘራፊ ስትመልስ ማየት ለገበያ አይመች ይሆናል፤ ማን ያውቃል።

ኮህ ኬር ላይ ያሉት እግሮች ግን በገበያ አያምኑም። ባለቤታቸው እስኪመጣ እንደቆሙ ጠበቁ። የአንዳንዶቹ መጣ።

የእኛም ይመጣል። ቸር እንሰንብት።